ቆሽቴን ያሳረረችው

ሶፋ ሠሪ ነኝ። እኔ የሠራሁት ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቤቱ መመለስ አሻፈረኝ ይላል፤ ይኼን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልቤን ግን ማንም ደፍሮት አያውቅም... ላቦራቶሪ እስክገባ ድረስ!

ውሃ ስጠጣ እየዋልኩ ከሳሁ። ለስኳር በሽታዬ የታዘዘልኝ ኪኒን አልሠራ ሲለኝ ሐኪሙ ለደም ምርመራ ላከኝ። ደም የምትቀዳው ባለሙያ ነጭ ጋውን ለብሳ ተቀምጣለች። የዓለም ቆነጃጅት ሁሉ እሷን ለማየት ወረፋ መያዝ ነበረባቸው!

«ጋሼ፣ እጅዎን ይዘርጉልኝ።»

ጋሼ! እኔን! እሷ ራሷ አርባን ተሻግራ!

ደም ሥሬን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችና ሳይታወቀኝ ቀዳችልኝ። እንዲህ ያለ እጅ እንኳን ላቦራቶሪ ቤተ መንግሥትም የለም።

«ቆሽትዎን ማን እንደሚያጠቃው ደምዎ ይነግረናል» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ወዲያው ታወቀብኝ?»

«ምኑ?»

«ቆሽቴን ያሳረርሽው አንቺ መሆንሽ!»

ሳቋ አመለጣት። «ኧረ ጋሼ! እኔ የምለው የእውነቱን ቆሽት ነው።»

ውጤቱ ሲደርስ ግን አልሳቀችም።

«የሰውነትዎ መከላከያ የገዛ ቆሽትዎን እየወጋ ነው። ምልክቱ ደምዎ ውስጥ ተገኝቷል።»

«ሠራዊቴ የሚመጥነው ጠላት አጥቶ ነዋ!»

«ቀልዱን ይተዉት። ሐኪሙ ኢንሱሊን ያዝልዎታል። በየቀኑ መርፌ ነው። ካልወሰዱ... ይሞታሉ።»

አንበሳ ቢያገሳብኝ ዓይኔን የማላርገበግብ ሰውዬ፣ መርፌ ሲባል ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ደግሞስ ዕድሜ ልኩን የሚወጋ ባል ማን ይፈልጋል? መድኃኒቱንም እሷንም ሸሸሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አቅም አጥቼ የራሴ ሶፋ ላይ ተዘርሬ ሳለ፣ አድራሻዬን ከካርዴ ላይ አግኝታ፣ ኢንሱሊንና መርፌ ይዛ ከነጋውኗ የወርክሾፑ በር ላይ ቆመች።

«አንተ! ልትሞትብኝ ነው?»

አንተ... ጋሼ ቀረ!

«ምን አገባሽ?» አልኳት።

«ያገባኛል!» አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሕይወት ከቆየ... ያገባኛል።»

ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። ሸሚዜን ገለጥኩ።

«በይ ውጊኝ!»

መርፌው ሲገባ ምንም አልተሰማኝም። ጎረቤት በሙሉ የሰማው ጩኸት የደስታ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ እምላለሁ። ሚስቴ ግን በማልኩ ቁጥር ትስቃለች።