አረንጓዴው ወረቀት

አሮጊቷ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው እንደተኙ ነው የተገኙት። ጉንጫቸው ቀላ ብሏል። ለማያውቅ ሰው፣ ቢጠሯቸው የሚነቁ ይመስላሉ።

«ጭስ ነው የገደላቸው» አለ ሐኪሙ። «የማይታይ፣ የማይሸት። ከማሞቂያው ነው።»

መርማሪው ዞሮ አየ። ግድግዳው ላይ አዲስ የጋዝ ማሞቂያ ተሰቅሏል። ፊት ለፊቱ ላይ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ተፈትሾ ተፈቅዷል» ይላል። ማኅተምና ቁጥር አለው።

ወንበር ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን ቱቦ በዐይኑ ተከተለ። ቱቦው ኮርኒሱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ወደ ውጭ አልወጣም።

ይህን ያየ ሰው እንዴት ፈቃድ ይሰጣል?

ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

«ሰው ማማት አልወድም ልጄ» አለችው። «ግን ባለፈው ሳምንት ከልጃቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ‹እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም› ይሉት ነበር። ቤቱን ይሽጡ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ።»

መርማሪው ይህን ያዘ። አንድ ልጅ፣ አንድ ቤት። በዚህ ሰበብ የሞቱ ብዙ ሰዎች አይቷል።

መጀመሪያ ግን ማሞቂያውን የሰቀለውን ቴክኒሻን አስጠራ።

«ቱቦውን ለምን አላስወጣኸውም?»

«የውጭ ግድግዳ ለመብሳት ፈቃድ ያስፈልጋል ጌታዬ። ስናመለክት ስድስት ሳምንት ጠብቁ ተባልን። ጋዙን ዘግቼ፣ ‹እንዳይበራ› የሚል ቀይ ወረቀት ለጥፌ ወጣሁ። ለልጃቸውም በስልክ ነግሬዋለሁ።»

«እዚያ ያለው አረንጓዴ ነው።»

የቴክኒሻኑ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ አረንጓዴ ከየት አመጣለሁ?»

ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወርዷል። ለመላው ከተማ ያሉት ሁለት ተቆጣጣሪዎች ናቸው። አንደኛው የፋይል ክምር መሀል ተቀምጦ ቁጥሩን ተቀበለና መዝገብ ገለጠ።

«ፊርማው የእኔ ነው» አለ። «ቤቱ ግን ሌላ ነው። ይሄኛውን ዐምና ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ምንም እንከን የለውም። የአሮጊቷ ገና ተራው አልደረሰም።»

መዝገቡን አዞረለት። መርማሪው ስሙንና አድራሻውን አነበበ። ደግሞ አነበበ። የልጅየው ቤት ነው።

ልጅየው ከሰዓት በኋላ መጣ። ሃምሳ ያለፈው፣ ሸሚዙን አዛንፎ የቆለፈ ሰው ነው። ቁጥሩን ሲያሳዩት አልካደም።

«ከእናትህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በማሞቂያው ነዋ። ደረቷን ያማታል፤ ብርድ ሲነካት ሌት ተቀን ታስላለች። ማሞቂያው እፊቷ ተሰቅሎ ‹ያለ ፈቃድ አይበራም› አለች። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሰው ናት። እማዬ ያለ ማኅተም ውኃ አትጠጣም።»

ሊስቅ ነበር። ሳቁ ግን አልመጣም።

«ከዚያስ?»

«ሐኪም ቤት የሄደች ዕለት፣ ከእኔ ቤት ማሞቂያ ላይ አረንጓዴውን ቀስ ብዬ ላጥኩት። የእሷ ላይ ለጠፍኩት። ቀዩን ቀደድኩ፤ ጋዙንም ከፈትኩ።»

«ቴክኒሻኑ ነግሮሃል።»

«ነግሮኛል። ቱቦው አላለቀም ብሎኛል። ባለሙያ ሁሉ ራሱን ለመጠበቅ የሚለው መሰለኝ። ፈቃድ ማለት ለእኔ ሰልፍና ወረቀት ነበር። ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቀንም አስቤ አላውቅም።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ተንኮል ቢያገኝ ይሻለው ነበር። ተንኮለኛን ማሰር ያውቅበታል።

«ስትመለስ ‹መጥተው አዩት?› አለችኝ» ሲል ቀጠለ ልጅየው። «አይተውታል አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ማኅተሙን አየች። ‹ተባረክ ልጄ፤ በደንቡ ሲሆን እንዲህ ነው› ብላ መረቀችኝ። ከዚያ ራሷ አበራችው።»

ልጅየው ቀና ብሎ መርማሪውን አየው።

«ስንት ዓመት ይፈረድብኛል?»

«እሱን ዳኛው ነው የሚያውቀው።»

«ብዙ ይሁን» አለ። «ብዙ ይሁን ብሏል በልልኝ።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣና ቃሉን እንዳለ ጻፈው።