ሦስት ቁጥር ማስክ

ጋሪው ዳንግላ ገበያ መግቢያ ላይ ቆመ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወጥተው ከኢየሩስ አጠገብ ተቀመጡ።

ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ድንቹ ከአዘና ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አይ፣ ከዘንገና ነው።»

«የዘንገና ድንች ቶሎ ይበስላል ይባላል።»

የተስማሙበት ቃል ነበር። ዘንቢሏን በእግሯ ገፋ አደረገችላቸው። ሽማግሌው ከጋቢያቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ከድንቹ ሥር ሸጎጡት። ባለጋሪው ፈረሱን እየነዳ ነው፤ ፊቱን አላዞረም።

ኢየሩስ እውነተኛ ስሟ አይደለም። መሥሪያ ቤቷ «ቀርከሃ» ይላታል። እንጅባራ ሆቴል ውስጥ ለተሰበሰበው ኮሚቴ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዥ ናት። ኮሚቴው አርባ ሺህ ጫማ ላይ ለሚበሩ የቅየሳ አውሮፕላኖች፣ አብራሪዎቹ የሚያጠልቁትን የኦክስጅን ማስክ ሊመርጥ ነው የመጣው። ሦስት ማስኮች ቀርበዋል። የአንዱ የፍተሻ ውጤት ተቀይሯል የሚል ጥቆማ ነበር። የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም። ማስረጃውን ማምጣት የእሷ ሥራ ነው።

ማስኮቹን የፈተሹት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ምህረቴ፣ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን።

«ሦስት ቁጥሩ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለናሙና ያመጡት ደህና ነው። እኔ ግን መጋዘናቸው ገብቼ ከተከመረው አንዱን፣ ይሄን የሰጠሁሽን፣ ፈተሽኩ። ብርድ ሲነካው ቫልቩ ይጣበቃል፤ አየር አያስገባም። ‹ወድቋል› ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ‹አልፏል› ይላል።»

«ቁጥሩን ማን ያውቃል?»

«ውጤቱን የቀየሩት፣ እኔና አሁን ደግሞ አንቺ።»

የመረጃ ምንጭን ምክንያቱን መጠየቅ ደንብ አይደለም። ጠየቀች።

«ለምን ደፈሩ፣ ጋሼ?»

«ድሮ የመሬት ሬዲዮ ላይ ተረኛ ነበርኩ። ከላይ ሁለት አብራሪዎች አየር አጠራቸው። ይስቁ ነበር፣ ልጄ። አየር ሲያጥረው ሰው ይስቃል። ሲስቁ፣ ሲስቁ ዝም አሉ።»

መታጠፊያው ላይ ወረዱ። «በሰላም ግቢ» ብለው በሰው መሐል ጠፉ።

ኢየሩስ ምንም አልተሰማትም። ስምንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታለች። ከስሜት ሁሉ የቀረላት ድካም ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሚኒባስ እንጅባራ ደረሰች። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ዕቃውን ለዮናዳብ መስጠት። ዮናዳብ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለው። ጋሼ ምህረቴን ያገኘላትም፣ ለስልኳ ሲም ካርድ የሰጣትም እሱ ነው። ዕቃው ባሕር ዳር ወዳለው ላቦራቶሪ የሚሄደው በእሱ እጅ ነው።

ማሽኑ እየሠራ ነበር። ዮናዳብ አጠፋው።

«እህሳ? ሦስት ቁጥሩ ተገኘ?»

ዘንቢሉን ከመሬት ልታስቀምጥ ነበር። አላስቀመጠችውም።

ቁጥሩን አልነገረችውም።

ጋሼ ምህረቴም አልነገሩትም። የቀሩት ውጤቱን የቀየሩት ናቸው።

«ሰውየው አልመጣም» አለች።

«አልመጣም?»

«አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ድንች ገዝቼ ተመለስኩ።»

ዮናዳብ ድንቹን አየ። ከዚያ እሷን አየ። «ምንም አይደል። ሂጂ ስብሰባሽ እንዳያልፍሽ» አለና ስልኩን አነሣ።

መንገዱን ከመሻገሯ በፊት ከሱቁ ጀርባ የቆመ ነጭ ፒካፕ ሞተር አስነሣ። ሁለት ሰዎች ተሳፍረዋል። ወደ ዳንግላ ታጠፈ።

ያን ጊዜ የተናገረችው ገባት። ዕቃውን ለማዳን ብላ፣ ዕቃው ገና ጋሼ ምህረቴ ቤት ነው እንደማለት ተናግራለች።

በእሷ ስልክ መደወል አይቻልም። የሆቴሉን ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ እንቁን፣ ጋሼ ምህረቴ ጋ ልትደውል ስልኳን ለመነቻት። ደወለች። ኔትወርክ የለም። ደግማ ደወለች።

የለም።

ዳንግላ ሄዳ ሽማግሌውን ስትፈልግ ስብሰባው ሊያመልጣት ይችላል። ኮሚቴው ስምንት ሰዓት ላይ ይፈርማል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችው። መምረጥ ነበረባት፤ መረጠች። 

«እንቁዬ፣ ይቺን ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪልኝ» አለች፣ ፌስታሉን እየሰጠቻት።

«ምን ገዶኝ!» አለች እንቁ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ፌስታሉን ወሰደች። ማስኩን በፎጣ አደረቀችው። ናሙናዎቹን ጠረጴዛ ላይ መደርደር የቃለ ጉባኤ ያዥ ሥራ ነው። ሦስተኛው ቦታ ላይ የነበረውን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በምትኩ ከመጋዘን የወጣውን አስቀመጠች። በመልክ አይለዩም። ሲነካ ይቀዘቅዛል። እንጅባራ ላይ ግን የማይቀዘቅዝ ነገር የለም።

የሦስት ቁጥር አቅራቢ ወኪል አቶ ወገኔ ነው፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው። ቱቦውን ራሱ ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጋር አገናኘ።

«ካፒቴን፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት። በአንድ እጅ፣ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።»

ካፒቴን ቤዛዊት የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት። ምርጫውም ፊቷ ላይ የሚያርፍ ነው፤ የመጀመሪያውን አውሮፕላን የምታበር እሷ ናት። ማስኩን አነሣች። በአንድ እጇ አጠለቀችው።

«አራት ሰከንድ!» አለ ወገኔ እየሳቀ።

ካፒቴኗ ተነፈሰች።

ማስኩ ፊቷ ላይ ተጣበቀ።

ኢየሩስ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆጠረች። አምስት። ስድስት። የካፒቴኗ ዓይኖች ፈጠጡ። ወገኔ አሁንም ይስቃል። ሰባት። ስምንት።

ካፒቴኗ ማስኩን ገፍፋ ጣለችው።

«አየር የለውም!» አለች እያለከለከች።

ወገኔ ከመሬት አነሣው። ከማሰሪያው ሥር የተጻፈውን መለያ ቁጥር አነበበና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ የእኔ ናሙና አይደለም! ይሄ የመጋዘን ነው! ማነው ከመጋዘን ያወጣው?»



«አቶ ወገኔ» አለች ካፒቴኗ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ብንገዛችሁ የምትሰጡን ከየት አውጥታችሁ ነበር?»

ከዚያ ወደ ኢየሩስ ዞረች።

«ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ የተናገሩትን ቃል በቃል ጻፊው።»

«ጽፌዋለሁ» አለች ኢየሩስ።

ሰባቱም አባላት ፈረሙበት። ሦስት ቁጥር ተሰረዘ፤ ማስኩም ታሽጎ ተያዘ። ኢየሩስ ደጅ ወጥታ ከአንድ ሱቅ ስልክ ለመሥሪያ ቤቷ ደወለች።

«ፎቶ ኮፒው ተበላሽቷል» አለች። ዮናዳብ ከድቷል ማለት ነው።

«ገባን። ነገ ውጪ።»

በማግስቱ ጠዋት የእንቁን ስልክ እንደገና ተዋሰች። ጠራ። ሴት አነሣች።

«አቶ ምህረቴን ፈልጌ ነበር።»

«እታለማሁ ነኝ፣ ባለቤቱ» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ ሰልሏል። «ምህረቴማ አረፈ፣ እህቴ። ትናንት ሰዎች መጡና ቤቱን በረበሩት። ‹ዕቃውን አምጣ፣ ካልሆነ ለማን እንደሰጠኸው ተናገር› አሉት። ‹አላውቅም› ብቻ አላቸው። በመኪና ወሰዱት። አመሻሹ ላይ ከመንገድ ዳር ተገኘ።»

ኢየሩስ ጀርባዋን ለእንቁ ሰጠች።

«ማን ልበል?»

«የድሮ ባልደረባው ልጅ ነኝ።»

«እንግዲያማ ነይ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው።»

«እመጣለሁ» አለች።

ስልኩን ለእንቁ መለሰች። ሲም ካርዷን ሰብራ ጣለች። የባሕር ዳር ሚኒባስ ውስጥ ገብታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች።

ዳንግላ ሲደርሱ ሹፌሩ አቆመ። ለቀስተኛው መንገዱን ሞልቶ እየተሻገረ ነበር። አስከሬኑን የተሸከሙት አለፉ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት በሁለት ሰዎች ተደግፋ ተከተለች። ዘወር ዘወር እያለች የመጣውን ሰው ታያለች። አንድ ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች።

ከኢየሩስ አጠገብ የተቀመጠችው ተሳፋሪ አማተበች።

«የማን ቀብር ይሆን?»

«እንጃ» አለች። «ለአገሩ እንግዳ ነኝ።»

«ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አለች እሷም።

መንገዱ ተከፈተ። ሹፌሩ ማርሽ አስገባ።