እስከ አንገት

«እጅሽንም አስገቢ» አለች አለቃ። «እጅሽ ውጭ ከቀረማ ምኑን ተቀበርሽ?»

ጭራ እየሳቀች እጆቿን ባሕሩ ዳር ወደቆፈሩት ጉድጓድ አስገባች። ሚጣ በላስቲክ አካፋዋ እርጥቡን አሸዋ እስከ አንገቷ ሞላችባት፤ ከዚያም ተንበርክካ በመዳፏ ጠበቅ አድርጋ ጠፈጠፈችው። ከአሸዋው በላይ የቀረው የጭራ ጭንቅላት ብቻ ነበር።

በደሴቷ ላይ የሚደረገውን ሁሉ አድርገው ጨርሰዋል። በጀልባ ዞረዋል፣ ዓሣ አይተዋል፣ መረብ ኳስ ተጫውተዋል፣ ዛጎል ለቅመው መልሰው ጥለዋል። እናቶቻቸው የሆቴሉ ጃንጥላ ሥር ተጋድመው «ሂዱ ተዝናኑ፣ እኛን ተዉን» ብለዋቸዋል። አለቃ ደግሞ ሲሰለቻት ክፉ ሐሳብ አታጣም።

አለቃ የሚጣ የአክስት ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ሞልቷታል። በዘመድ ልጆች መሃል ስም የምታወጣው እሷ ናት። እስከ ዓምና ድረስ ጭራ የምትባለው ሚጣ ነበረች፤ ከኋላ እየተከተለች፣ የሁሉንም ፎጣ እየተሸከመች፣ በማይገባት ቀልድ እየሳቀች። ዘንድሮ የትንሹ አጎታቸው ልጅ ስትመጣ ስሙ እንደጠበበ ልብስ ወደ እሷ ወረደ። ሚጣ እፎይ አለች። አዲሷን ጭራ ስትጠራም ድምጿ ከሁሉም ይጎላ ነበር።

የአለቃ ወንድም የጭራን ጭንቅላት በስልኩ ቀረጸ። አለቃ የፀሐይ መነጽሯን ጭራ ዓይን ላይ ሰካችና «በሉ፣ አይስክሬም» አለች።

«እኔስ?» አለች ጭራ።

«እናመጣልሻለን የኔ ቆንጆ። ምን ይሁንልሽ?»

«ቸኮሌት።»

ኪዮስኩ ጋ ሲደርሱ አለቃ ሦስት ብቻ አዘዘች።

«ውሃው እየመጣ ነው እኮ» አለች ሚጣ።

«ይምጣ። ያኔ እንኳ አፏን ትዘጋለች።»

ወንድሟ ሳቀ። ሚጣም ሳቀች፤ በአለቃ ቀልድ መሳቅ ለምዶባታል።

«ስሙኝ ደግሞ» አለች አለቃ እየላሰች። «ያወጣት ሰው እሷ ቦታ ይገባል። ስሟንም ይወስዳል።»

ጭንቅላቱ ከሩቅ የተረሳ ኳስ ይመስል ነበር። መጣራት ጀመረ። የሚጠራው አለቃን አልነበረም። «ሚጣዬ! ሚጣዬ!» ይላል። አንድ ማዕበል አገጯን ነክቶ ተመለሰ። የሚቀጥለው መነጽሩን ይዞባት ሄደ። ሚጣ ፈራች። የፈራችው ግን ለጭራ ብቻ አልነበረም፤ ከዚህ ከተንቀሳቀሰች ነገ ፎጣ ተሸካሚዋ ማን እንደምትሆን ታውቃለች። አይስክሬሙ ቀልጦ በክርኗ እስኪወርድ ድረስ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ውሃው መላውን ጭንቅላት ሸፈነው። ሲመለስ ጩኸቱ ቆሞ ሳል ብቻ ይሰማ ነበር።

ሚጣ ሮጠች። አካፋው የጭራን ፊት እንዳይመታ ወደ ጎን ወርውራ በጥፍሯ ቧጠጠች። እርጥብ አሸዋ ይከብዳል፤ ራሷ የጠፈጠፈችው ደግሞ ከሁሉም ይከብድ ነበር። ትከሻዋን አወጣች፣ ክንዶቿን አወጣች፣ በብብቷ ይዛ ጎተተቻት። ሁለቱም በጀርባቸው ወደቁ።

ጭራ ውሃና አሸዋ ተፋች። «አንቺ ነሽ የጠፈጠፍሽው» አለች።



አለቃና ወንድሟ ቀስ ብለው መጡ፤ መሮጥ አላስፈለጋቸውም። «ጎበዝ ሆነሻል» አለች አለቃ ሚጣን ከላይ እስከ ታች እያየች። «ታዲያ አሁን ማን ነው የሚገባው?» ወንድሟ ስልኩን አነሳ።

ትንሿ ልጅ እየተንቀጠቀጠች አለቃን አየች፣ ሚጣን አየች። ሚጣ አንድ ቃል ጠበቀች፤ አንድ ቃል ብቻ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አካፋውን አነሳችና ወደ አለቃ ዞረች።

«እጇንም ነው የምንቀብረው?»

አለቃ ከት ብላ ሳቀች፤ ክንዷንም በትንሿ ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ሚጣ ልትቆጣ ፈልጋ አልሆነላትም። የትንሿ ልጅ ፊት አዲስ አልሆነባትም፤ ቅድም አሸዋ ስትጠፈጥፍ የነበራት የራሷ ፊት ነው።

«ግቢ እንጂ፣ ጭራ» አለቻት አለቃ ሚጣን።

ሚጣ ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄዳ ተንበረከከች። ከዚያ በሁለት ክንዷ የተቆለለውን አሸዋ ወደ ውስጥ ትገፋው ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች አለቃ። ሚጣ መግፋቷን ቀጠለች። «ጭራ! አንቺን እኮ ነው!»

ትንሿ ልጅ አካፋውን እንደያዘች ታያት ነበር። ሚጣ ቀና አላለችም። ማዕበል መጣና ጉድጓዱን አብሯት ሞላ፤ እሷም ውሃው እስኪመለስ ጠብቃ ቀሪውን አሸዋ ገፋች።