ከስክሪኑ የቀደመ ጎል

በሪሁን በፍራንክፈርት ከተማ ሪደርቫልድ ሰፈር ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቆ የሞተው በፈረንጆቹ 2011 ግንቦት፣ በጀርመን ሊግ በቡንደስሊጋው የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዋና መርማሪ ሰገን ገብረሂወት ስትደርስ አስከሬኑ ግቢው ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኗል። የራዲዮ ማዳመጫው ገመድ አንገትጌው ላይ ተጠላልፏል። የኪስ ራዲዮው ግን ከዶርትሙንድ ጨዋታውን እያስተላለፈ ነበር። ፍራንክፈርት እየተመራ ነው፤ ከተሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል።

ፎቶ ከተነሳ በኋላ ራዲዮውን በጓንት ይዛ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ወጣች። ሳሎን ውስጥ ማንም ሊዘጋው ያላሰበው ላፕቶፕ ጨዋታውን ከኢንተርኔት ያሳያል። በጆሮዋ የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ። ስክሪኑ ላይ ተጫዋቾቹ ገና ይሮጣሉ። ሰዓቷን አየች።

ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ የሟችን ሚስት ተዋበችን አነጋገረች።

«ጨዋታ ቁጭ ብሎ ማየት አይችልም፤ ልቡ ይመታበታል» አለች ተዋበች። «በመኝታ ቤት በኩል ባልኮን ላይ ቆሞ በራዲዮ ነው የሚሰማው። ዓመቱን ሙሉ ከጓደኛው ከጉልላት ጋር የማዳመጫውን አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለው ነው የሰሙት።»

«ያስጨነቀው ነገር ነበር?»

«ከጥር ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ሰኞ ከጠበቃ ጋር ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለኝ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

የተዋበች ወንድም ምንያህል የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ ነው።

«ጠዋት ከበሪሁን ጋር ተጣልተሃል ይባላል» አለችው ሰገን።

«አዎ። ጴንጤ ሆንክ ብሎ ተቆጣኝ። ግን እንደ አባት ነው ያኖረኝ።»

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ከእህቴ ጋር። ላፕቶፑ ላይ ተጫዋቾቹ ከእረፍት ገና ወደ ሜዳ ሲገቡ ጋሽ ጉልላት ከኮሪደሩ ብቅ ብሎ ‹አገባን!› አለ፤ ያገባውንም ልጅ በስሙ ጠራው። ሳቅንበት። ጥቂት ቆይቶ እውነትም ያው ልጅ አገባ። እየጨፈርን ሳለን ነው ከግቢው የሴት ጩኸት የሰማነው።»

ጉልላት ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። የበሪሁንን ቤት ማዘውተር የጀመረው ባለፈው የአውሮፓ በጋ ነው። ረጋ ብሎ ተቀመጠ።

«መታጠቢያ ቤት ነበርኩ። ዛሬ ባልኮኑን አልረገጥኩም።»

«ስልክዎስ?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ላይ ነበር።»

«ጎሉን ታዲያ እንዴት ቀድመው አወቁ?»

«ምኞቴን ነው የተናገርኩት» ብሎ ፈገግ አለ። ሰገንን ያ ፈገግታ ቀፈፋት።

ሰኞ ጠዋት በበሪሁን ቴርሚን ጠበቃው ዘንድ የሄደችው ሰገን ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ላፕቶፑ ከራዲዮው ከአንድ ደቂቃ በላይ ወደኋላ ይቀራል» ብላ ጀመረች። «ቅዳሜ ራሴ ለካሁት። አቶ ጉልላት ‹አገባን› ሲሉ ጎሉ ዶርትሙንድ ላይ ገብቷል፤ እዚህ ክፍል ግን ገና አልደረሰም። ያገባውን ልጅ በስሙ መጥራት ምኞት አይደለም።»

«የጎረቤት ጩኸት ሰምቼ ይሆናል» አለ ጉልላት።

«መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም። ከታች ያሉት ሰዎች ለእረፍት ሄደዋል፤ ጎን ያለው ቤት ባዶ ነው። ስልክዎ እዚህ ነበር። ያን ጎል በዚያች ደቂቃ የሚያሰማ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በበሪሁን ኪስ ያለው ራዲዮ። እሱም ድምፁ የሚወጣው በማዳመጫው ብቻ ነው። ጎሉ ሲገባ እርስዎ አጠገቡ ቆመዋል። እዚህ ስክሪን ላይ ሲታይ ደግሞ በሪሁን መሬት ላይ ነበር። ምንም እንዳልሆነ ለመምሰል ‹አገባን› ብለው ብቅ አሉ፤ ግን ሁልጊዜ ባልኮን ስለሚቆሙ ላፕቶፑ እንደሚዘገይ አያውቁም።»

ተዋበች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «በሪሁን ምን አድርጎት ነው?»

«በሪሁን ከምርጫ 97 በኋላ ያለ ጥፋቱ ታስሮ ዓይኑ ተሸፍኖ ተገርፏል። የገራፊውን ፊት አያውቅም፤ ድምፁን እንጂ። አቶ ጉልላት ‹እኔም እስረኛ ነበርኩ› ብለው ነው ወዳጅ የሆኑት። በመስከረምና በጥቅምት ቡድኑ ሲያሸንፍ አብረው ሳቁ። ከገና በኋላ ሽንፈት በሽንፈት ላይ ሲደራረብ ግን አቶ ጉልላት መጮህ ጀመሩ። በሪሁን ያን ጊዜ ነው የገራፊውን ድምፅ ያወቀው። ስም ሳይጠራ፣ ‹አብሮኝ ኳስ የሚሰማ ሰው› ብሎ ለጠበቃው ጽፎለታል።»

ጉልላት ወለሉን ያያል። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«በእረፍት ሰዓት ጠየቀኝ። ‹አንዴ እንደ ገራፊዎቹ ‹ፊትህን ወደ ግድግዳ!› በልልኝ› አለኝ። አልልም አልኩት። ጎሉ ሲገባ ሳላስበው ጮህኩ። ዞሮ አየኝ… ‹አንተ ነህ› አለ። ገፈተርኩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ተዋበች ወደ ሰገን ዞረች።

«ከጥር ጀምሮ ካወቀው፣ እንዴት ዝም ብሎ አብሮት ማዕድ ይቀርባል? ለእኔ እንኳ እንዴት አይነግረኝም?»

«እትዬ፣ ለጠበቃው የጻፈው መጨረሻው እንዲህ ይላል» አለች ሰገን። «‹እኔ የታሰርኩት በሐሰት ቃል ነው። እርግጠኛ ሳልሆን የማንንም ስም አልጠራም።›»