የተነፈሰው ማንጎ

የማይመስለው ይተወው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሶለንቱና በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ የምሠራበት የፍራፍሬ ማሸጊያ ውስጥ።

እዚያ የተቆረጠ ማንጎ በፕላስቲክ ዕቃ እናደርጋለን። አየሩን አውጥተን፣ እንዳይጠቁር ሌላ ጋዝ ሞልተን፣ ላዩን በላስቲክ እናሽጋለን። ከዚያ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባል።

ማሽኑ ላይ የምታሽገው፣ እያንዳንዱንም በአውራ ጣቷ ጠቅ አድርጋ የምትፈትነው፣ ታላቅ እህቴ ብርቅነሽ ነበረች።

ነበረች... ከሞተች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው።

"ሄርሜላ፣ ማንጎው ከሱቅ እየተመለሰ ነው" አሉኝ አለቃችን ጋሽ ከፍያለው። "የብርቅነሽ እሽግ እየተነፈሰ ነው። በስሟ ሪፖርት እጽፋለሁ።"

እኛ ዘንድ እሽግ ተነፈሰ ማለት እንደ ጎማ ነው። አየር አፈሰሰ ማለት ነው።

"መልስ መስጠት ስለማትችል ነው? የእህቴ እጅ አያፈስም! እንፈትነው።"

መጨረሻ በሠራችበት ቀን ያሸገቻቸው ሠላሳ ዕቃዎች ለናሙና ቀዝቃዛው ክፍል ተቀምጠዋል። ገባን።

ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል። ማንጎው ግን... አሁን የተቆረጠ ይመስላል።

ጋሽ ከፍያለው አንዱን አንስተው ባልዲ ውሃ ውስጥ ደፈቁት። ቀዳዳ ካለው አረፋ ይወጣል።

አረፋ የለም።

"ጠበቅ አድርገው ይጫኑት!" አልኳቸው።

ጫኑት። የለም።

ከዚያ ላስቲኩ ቀስ ብሎ ሰረጎደ... ቆየ... ተነሳ።

ደግሞ ሰረጎደ... ቆየ... ተነሳ።

"ተነፈሰ" አሉ በሹክሹክታ።

"የታለ አረፋው?"

"አረፋ የለውም... ግን ተነፈሰ።"

"እጅዎን ያንሱለት እስቲ።"

"አንስቻለሁ እኮ፣ ልጄ..."

በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት።

"እንግዲያው ይጻፉ! የብርቅነሽ እሽግ አያፈስም ብለው ይጻፉ!"

"እንውጣና..."

"ሳይጽፉ ማንም አይወጣም!"

ጻፉ። ፈረሙ። ወረቀቱን በእጄ ጥለው እየተደነቃቀፉ ወጡ።

እኔ ቀረሁ። ዕቃውን ከውሃው አውጥቼ ያዝኩት።

ያኔ ከመደርደሪያው ጥግ... ጠቅ።

የመጀመሪያው ዕቃ ላስቲክ፣ በአውራ ጣት እንደተጫኑት፣ መሃሉ ጎደጎደ። ማንም አልነካውም።

ጠቅ። ሁለተኛው።

ጠቅ። ሦስተኛው።

አንድም ሳይዘለል... እየቀረበ መጣ።

ሃያ ዘጠነኛው ከክንዴ አጠገብ ነበር።

ሠላሳኛው በእጄ ነው።

አልለቀቅኩትም።

ጠቅ።