ብሎኑ የመጣበት መንገድ

ሜቲ ዛሬም ምንም በሌለበት ሸሸች። የምትለማመድባት ለቃሚ፣ ማለትም የሳተላይት ስብርባሪ ከምድር ዙሪያ የምትሰበስብ ትንሽ መርከብ፣ በተደጋጋሚ ስትጠማዘዝ ነዳጇን ጨረሰች። በኮምፒውተር የሚሠራው የበረራ ማስመሰያ ጨዋታ ቆመ።

«ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ አሠልጣኙ ካፒቴን ይመር። «አንቺ ግን ሕዋውንም ጨረስሽው።»

«አንድ ነገር ብልጭ ሲል አየሁ፣ ካፒቴን።»

«እኔ እዚሁ ቀጥ ብዬ ነው የማልፈው፤ አንድም ግጭት የለብኝም። ከሰዓት በኋላ በምትወርደው መንኮራኩር ወደ ምድር ትመለሻለሽ። ነገ እውነተኛውን በረራ ሌሎቹን ይዤ እወጣለሁ።»

የዘንገና የሕዋ ጣቢያ ፕሮግራመር ሳምራዊት ጭቅጭቅ አትወድም። ሁለቱ ሲከራከሩ የተቀዳውን የካፒቴኑን ልምምድ ከፈተችና በዝግታ እያስኬደች አየችው። ከስብርባሪው አንድ ብሎን መጣ። በአንዱ ምስል ከመርከቧ ፊት ነበር፤ በሚቀጥለው ከኋላዋ።

«አንዴ ዝም በሉልኝ» አለች።

ጨዋታው ግጭት የሚፈትሸው በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ነው። በሁለት ፍተሻዎች መካከል ብሎኑ ከመቶ ሜትር በላይ ይጓዛል። መርከቧን ከነሰውዋ በስቶ ቢያልፍም ጨዋታው አያውቅም።

ሳምራዊት ፕሮግራሙን ቀየረችው። ከእንግዲህ ብሎኑ አሁን የት እንዳለ ብቻ አይጠይቅም፤ ካለፈው ፍተሻ ወዲህ የመጣበትን መንገድ በብሎኑ ውፍረት ያሰምርና መንገዱ መርከቧን ነክቶ እንደሆነ ያሰላል። የካፒቴኑን ልምምድ እንደገና አስኬደችው። ቀይ መብራት በራ።

«ሞተዋል» አለች። ቀዩ እንደገና በራ። «አሁንም ሞተዋል።»

የሜቲን አስኬደች። ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ መብራቱ አረንጓዴ ነበር።

ይመር ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከገደል አፋፍ የተመለሰ ሰው ሳቅ።

«የነገው በረራ ቀርቷል። ሜቲ፣ ሻንጣሽን ፍቺ።»

«ነዳጁስ፣ ካፒቴን?»

«ነዳጅ ይገዛል።»

ሳምራዊት ግን ያልገባት ነገር ነበር። «ብልጭታው በእርስዎም መስኮት ላይ ይታያል። አላዩትም?»

«መጀመሪያ ሰሞን አየው ነበር። እንደ እሷም እሸሽ ነበር። ጨዋታው ምንም አልነካህም እያለ ነጥብ ሲሰጠኝ ማየቱን ተውኩት።»

«እንግዲያው ይግቡ። ዛሬ ሜቲ ታሠለጥንዎታለች።»

ገቡ። ብልጭታው መጣ። ካፒቴኑ ቀጥ ብለው ሄዱ፤ ቀዩ በራ። ጨዋታው በአንድ ሰዓት ተስተካክሏል፤ ሰውየው ገና ናቸው።

«ግድ የለም፣ ካፒቴን» አለች ሜቲ ከጎናቸው ቀበቶዋን እያሰረች። «እዚሁ ይሙቱ።»