ከሙት ቲዩብ የተሠራው አዳፕተር

ይሄ ሆኗል።

ብታምኑኝ ደስ ይለኛል፤ ባታምኑኝም አንድ ቃል አልለውጥም። በጨለማ አይደለም የሆነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች፤ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

ቦታው የወንድሜ ወርክሾፕ ነው። አንድ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል። ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ የብየዳ ካውያ፣ በካውያው የሚቀልጥ ስታኞ፣ ሣጥን ሙሉ የድሮ ራዲዮ ቲዩብ።

ቲዩብ የምለው ያንን አምፖል የሚመስለውን፣ ሲሞቅ ውስጡ ብርቱካናማ የሚያበራውን መስታወት ነው። ወንድሜ በእነሱ የሄድፎን አምፕሊፋየር ይሠራ ነበር። አንዳንዱ ጥሩ ቲዩብ ግን እግሩ ከአምፕሊፋየሩ ሶኬት ጋር አይገጥምም። ለዚያ ነው አዳፕተር የሚያስፈልገው። የሞተ ቲዩብ ይወሰዳል፤ መስታወቱ ይሰበራል፤ እግሩ ብቻ ይቀራል። እግሩ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ ይበየዳል፤ ከላዩ አዲስ ሶኬት ይቀመጣል።

«የሙት ጫማ ለሕያው» ይለው ነበር ወንድሜ፣ እየሳቀ።

አሁን እሱ የለም።

ሸሪኩን ሰው ሁሉ ቅቤው ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ምላሱ ነው። ድንጋይ ቢያባብል ድንጋዩ ተነሥቶ ወንበር ይለቅለታል። ወንድሜ ይሠራል፣ ቅቤው ይሸጣል፤ ሲሸጥ ደግሞ «በገዛ እጄ የሠራሁት ነው» ይላል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ እንለያይ አለው።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ሞተ። ክፍሉ ውስጥ ከቅቤው በቀር ማንም አልነበረም።

ቅቤው ለቅሶ ላይ አንገቱን ደፍቶ የተናገረውን ሁሉም ሰምቷል። ወንድሜ ጠጥቶ መጣ፤ ሳይጠይቅ እጁን አምፕሊፋየሩ ውስጥ ከተተ፤ ኤሌክትሪኩ ጣለው። እማዬ አመነችው። ከዚያ ወዲህ የልጇን ስም አታነሣም። ጎረቤት ሲያነሣባት የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች። ያሳፈራት ልጇ ነዋ።

እኔ ግን አላመንኩም።

እነዚህ አምፕሊፋየሮች ከጠፉ በኋላም ውስጣቸው ኃይል ይዞ ይቆያል። እስኪፈስ ድረስ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ወንድሜ አንድ ሥርዓት ነበረው። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከዚያ «ባዶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አብሮት ያለው ሰው ኃይሉን በመለኪያው፣ በቴስተር ለክቶ «ባዶ ነው» ካላለው ያ እጅ ከኪሱ አይወጣም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ መልሼለታለሁ። አንዳንዴ ለቀልድ ዝም እለው ነበር፤ እሱም እጁን ኪሱ እንደከተተ ቆሞ ያፏጫል።

ሲሞት ሁለቱም እጆቹ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ነበሩ።

አንድ ሰው መልሶለታል።

ይሄ በሆነበት ቀን ቅቤው ወርክሾፑን ሊዘጋ ነበር። የወንድሜን ትልቁን አምፕሊፋየር ለገዢ አስረክቦ ከአገር ሊወጣ። እሱ ከሄደ እውነቱም አብሮት ይሄዳል፤ እማዬም እንዳፈረች ትቀራለች።

ለገዢው አንድ አዳፕተር ቃል ስለገባ እኔን ጠራኝ። ብየዳ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። የቅቤው ብየዳ የወፍ ኩስ ነው የሚመስለው።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። ጋሼ ስለው አሸዋ የማኝክ ይመስለኛል።

ለአዳፕተሩ የሞተ ቲዩብ ያስፈልገኝ ነበር። ወንድሜ የሞተ ቀን ትልቁ አምፕሊፋየር ላይ የተቃጠለውን ቲዩብ ቅቤው ጣይው ብሎኝ ነበር። አልጣልኩትም። አሁን ካስቀመጥኩበት አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ መስታወቱን ሰበርኩት።

እግሩን ሳነሣው ሞቅ ያለ ነበር።

ካውያው ገና አልተሰካም...

ሰው በመዳፉ ይዞት የቆየ ነገር ሲቀበሉት እንደሚሞቀው፣ እንደዚያ ነው።

በየድኩት። ትንሹ የመሞከሪያ አምፕሊፋየር ላይ ሰካሁት፤ ከላዩ ደህና ቲዩብ አደረግሁ፤ ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ሙዚቃ አልከፈትኩም።

አንዳንድ ቲዩብ እንደ ማይክራፎን ይሰማል። መስታወቱን በጥፍር ሲነኩት ድምፁ ሄድፎኑ ውስጥ ይጮኻል። ስለዚህ የጥፍሬ ድምፅ ሲመጣ አልገረመኝም። የመንገዱ ጥሩምባም መጣ።

ከዚያ... በርጩማ ተጎተተ።

ዞር አልኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው በርጩማ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሄድፎኑን አወለቅሁ። ፀጥታ።

መልሼ አደረግሁት።

እጅጌ ሲጠቀለል ሰማሁ... የእጅ ሰዓት ሲፈታ... ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ። ጠቅ።

ጠረጴዛው ላይ ሰዓት የለም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ሰዓቱን የሚፈታ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

«ወንድምዬ...» አልኩ በሹክሹክታ።

አልመለሰልኝም። ሆድ ባሰኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚጠብቀው እኔን አልነበረም።

ቅቤው ምሳውን በልቶ፣ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ገባ። ትልቁ አምፕሊፋየር ክዳኑ ተነሥቶ ከጠዋት ጀምሮ በርቶ ነበር። ውስጡ አንድ የላላ ሽቦ ስላለ ገዢው ሳይመጣ ሊያጠብቀው ፈልጎ አጠፋው። እኔ አዳፕተሩ ትንሽ ድምፅ አለው አልኩና ሄድፎኑን ሰጠሁት።

ጥቂት አዳመጠ። ምንም የለውም፤ እንደ ወንድምሽ ጥርጣሬ አታብዢ አለኝ። ገዢው እንደሆነ ደንቆሮ ነው ብሎ ሳቀ።

ሳቁ መሀል ላይ ቆመ።

ስቴኪኒው ከከንፈሩ ወደቀ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም ጋሼ።»

ወደ በርጩማው አየ። እኔም አየሁ። ፀሐይ ብቻ ናት ያለችው።

«ማንም አልነበረም...» አለ ቀስ ብሎ። «እኔና አንተ ብቻ ነበርን።»

አዳመጠ።

«አልጠጣህም... እሱን እኔ ነኝ ያወራሁት።»

ሄድፎኑን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫነው።

«አልለካሁም። ቴስተሩን አልነካሁትም... አውቄ ነው ባዶ ነው ያልኩህ።»

ይህን ቃል ስመኘው ከርሜ ነበር። ሲመጣ ያረካኛል ብዬ አስብ ነበር። አላረካኝም። ቅቤ የመሰለው አፍ እውነት ስለተናገረ ብቻ ወንድሜ አይነሣም። ሌላ ነገር ፈለግሁ...

የፈለግሁት ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም።

የቅቤው ፊት ድንገት ረጋ። እንደ ታዛዥ ልጅ እጅጌውን ጠቀለለ። ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እሱ እኮ በሕይወቱ ሰዓቱን ፈትቶ ሠርቶ አያውቅም። ሄድፎኑን እንዳደረገ ወደ ትልቁ አምፕሊፋየር ዞረ። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ባዶ ነው?»

ማንን እንደጠየቀ አላውቅም። ቴስተሩ ግን እኔ ጋ ነበር።

ለካሁ።

ፈረስ የሚጥል ቁጥር ነው የወጣው።

ሄድፎኑ ጆሮውን ደፍኖታል። አሁን የሚሰማው ቲዩቡ የሚሰማውን ነው። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ አፌን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁ።

«ባዶ አይደለም» አልኩ።

እውነቱን ነው የተናገርኩት። ማንም ቢያስምለኝ እምላለሁ። ግን አልጮኽኩም። እጁንም አልያዝኩም።

ቅቤው ፈገግ አለ። ደስ የሚል መልስ እንደሰማ ሰው።

«እሺ... አመሰግናለሁ» አለ።

ግራ እጁንም ከኪሱ አወጣ።

ገዢው ሲደርስ በሩ ክፍት ነበር። ከዚያ ጎረቤት መጣ፣ ሐኪም መጣ፣ ፖሊስ መጣ። እንዴት ሆነ አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«ቸኮለ» አልኩ። «ባዶ አይደለም ብለውም አልሰማ አለኝ።»

አንዱ ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደፈለጉ ተረጎሙት።

ለእማዬ ግን ቃል በቃል ነገርኳት። ስጨርስ ሻርፗን ከአፏ ላይ አነሣች። መስኮቱን ከፈተች። የልጇን ስም ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጠራችው፤ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

ያኔ አለቀ ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የወንድሜን ዕቃ ልሰበስብ ወርክሾፑን ከፈትኩ። ትንሹ አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሏል። በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ቲዩቡ አዳፕተሩ ላይ እንደተሰካ ነው።

ይህ ቲዩብ በአንድ መስታወት ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል አለው። አየር ግን የለውም። ሲሠራ ተመጥጦ ወጥቶ ታሽጓል።

መስታወቱ ጉም ይዞ ነበር።

በጣቴ ጠረግሁት። አልጠፋም... ከውስጥ በኩል ነው።

ተጠግቼ አየሁት። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። በቀኝ በኩል ያለው ቀስ እያለ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ትንፋሽ።

በግራ በኩል ያለው ግን... ይጣደፋል።